ካሜራው ተገዛ፤ ቀጥሎስ ምን ይገዛ?

አዲስ ካሜራ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ አስከትሎ የሚገዛው «ሙሉ ፓኬጅ» የሚባለውን ነው። አንድ ቦርሳ ውስጥ ሠላሳ ምናምን ዕቃ ታጭቆ ይመጣል። ስንዝር የማትሞላ ትራይፖድ (ባለሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ)፣ ባለቀለም ፊልተሮች፣ ስሙ የማይታወቅ ፍላሽ፣ ሌንስ ላይ የሚጠመድ ማጉያ መስታወት፣ ብሩሽ፣ ጨርቅ፣ የስክሪን ላስቲክ። ዋጋው ለሠላሳ ሲካፈል ነፃ ነው ማለት ይቻላል። ስድስት ወር ቆይታችሁ ብታዩት ግን ሥራ ላይ ያለው ጨርቁና ምናልባት ቦርሳው ነው። ሌላው መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

እነዚህ ዕቃዎች የተገዙት ስላሉ ነው እንጂ የሚፈቱት ችግር ስላለ አይደለም። ተጨማሪ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ራሳችሁን «ምን አመለጠኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፎቶው ጨለመ? ተንቀጠቀጠ? ሙሽሮቹ ተክሊል ሲደፉ ሚሞሪው ሞላ? ታቦቱ ሳይገባ ባትሪው አለቀ? ቪዲዮው አምሮ ድምፁ አልሰማ አለ? ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ዕቃ ነው። አንዳንዴም ምንም መግዛት አያስፈልግም።

ጎንደር ላይ ደግሞ ይህ ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። ዕቃው ፒያሳ ካልተገኘ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ተሳስቶ የመጣ ዕቃ መልሶ መለወጥ ዘበት ነው። ስለዚህ ዕቃው ላይ የተጻፉትን ትንንሽ ቁጥሮች ማንበብ መቻል ገንዘብ ያድናል። ከዚህ በታች የማወራው በአብዛኛው ስለነዚያ ቁጥሮች ነው።

መጀመሪያ ሚሞሪ

ሚሞሪ ካርድ ስንገዛ ሁላችንም የምናየው አንድ ቁጥር ነው፤ ስንት ጊጋ እንደሆነ። ከጎኑ ያሉት ምልክቶች ግን ከጊጋው እኩል ሥራ አላቸው። ጊጋውን እንደ ጀሪካን መጠን፣ ፍጥነቱን እንደ ጀሪካኑ አፍ አድርጋችሁ አስቡት። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን አፉ ጠባብ ከሆነ ቧንቧው ሲበረታ ውሃው ውጭ ይፈሳል። ካሜራ ቪዲዮ ሲቀርጽ በድንገት ቀጥ የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ካርዱ ቦታ አለው፤ የሚመጣውን ፋይል ግን በፍጥነት መቀበል አልቻለም።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። «ሲ» በምትመስል ክብ ውስጥ 10 ከተጻፈ ካርዱ ቢያንስ በሰከንድ 10 ሜጋባይት ይጽፋል ማለት ነው። «ዩ» በሚመስል ቅርጽ ውስጥ 1 ካለ እሱም 10 ነው፤ 3 ካለ 30 ሜጋባይት ነው። ከ«ቪ» ፊደል ቀጥሎ ያለው ቁጥር ደግሞ ራሱን በቀጥታ ይናገራል። ቪ30 በሰከንድ 30፣ ቪ60 በሰከንድ 60፣ ቪ90 በሰከንድ 90 ሜጋባይት ነው። እነዚህ ካርዱ ከነሱ በታች እንደማይወርድ የሚገለጽባቸው ቁጥሮች ናቸው። በትልቁ ተጽፎ የምታዩት 170 ወይም 200 ግን አብዛኛውን ጊዜ ፎቶውን ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጡ ካርዱ የሚደርስበት ትልቁ የንባብ ፍጥነት ነው። ለቀረጻ ብዙም አይነግራችሁም።

ስንት ያስፈልገኛል? የካሜራችሁን የቪዲዮ ዝርዝር እዩ። ብዙ መካከለኛ ካሜራዎች 4ኬ ቪዲዮ ሲቀርጹ በሰከንድ 100 ሜጋቢት አካባቢ ይጽፋሉ። ሜጋቢት ከሜጋባይት ይለያል፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው። 100 ለ8 ሲካፈል 12.5 ሜጋባይት ይሆናል። ስለዚህ ቪ30 ካርድ ተርፎት ይሠራል። ለቪ90 ከፍተኛ ዋጋ መክፈል እንዲህ ላለው ካሜራ ገንዘብ መበተን ነው። በዚያው ስሌት አንድ ሰዓት ቪዲዮ 45 ጊጋባይት ይፈጃል። ባለ 64 ጊጋ ካርድ አንድ ሰዓት ከሩብ በላይ ይዞ ይሞላል። የሰርግ ቀራጭ ከሆናችሁ ስንት ካርድ እንደሚያስፈልጋችሁ ከዚህ አስሉት። የሰርግ ቀን በጎንደር ከጠዋት ጀምሮ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚዘልቅ እናንተው ታውቃላችሁ።

ፎቶ ብቻ የሚያነሳ ሰው ይህ ሁሉ አያስጨንቀው። አንድ ደህና ቪ30 ካርድ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ጣጣ ፎርጅድ ካርድ ነው። አሠራሩ ተንኮል አለበት። ውስጡ 16 ጊጋ ሆኖ ሳለ ለካሜራውም ለኮምፒውተሩም «256 ነኝ» ብሎ እንዲዋሽ ተደርጎ ይሠራል። መጀመሪያ ላይ ምንም አይታወቅም። ፎቶው ይነሳል፣ ይታያል። እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ ግን አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ ይጻፋል ወይም ጨርሶ የትም አይቀመጥም። ቤት ገብታችሁ ስትከፍቱት ግማሹ ፎቶ ግራጫ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሽፋኑንና ጽሑፉን አይቶ መለየት አይቻልም፤ ህትመቱን በደንብ ይኮርጁታል።

መፍትሔው ካርዱን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ማንበብ ነው። ለዊንዶውስ «ኤች2ቴስትደብልዩ»፣ ለማክና ለሊነክስ «ኤፍ3» የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች ይህንን ይሠራሉ። ትልቅ ካርድ ላይ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። አስነስታችሁት ተኙ። ፕሮግራሙ ከሌላችሁ ካርዱን በትልልቅ ፊልሞች ሙሉትና የመጨረሻዎቹን መልሳችሁ ክፈቱ። ይህንን የምታደርጉት ካርዱን በገዛችሁ ሰሞን፣ ሻጩ ገና ሳይረሳችሁ ነው።

ያገለገለ አሮጌ ካሜራ የገዛችሁ ደግሞ አንድ ነገር እዩ። ዛሬ ሱቅ ውስጥ በብዛት የምታገኟቸው ካርዶች ሁለት ትውልድ ናቸው። ኤስዲኤችሲ የሚባለው እስከ 32 ጊጋ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ኤስዲኤክስሲ ይባላል። ቆየት ያሉ ካሜራዎች ሁለተኛውን ላያነቡት ይችላሉ። ለእንዲህ ያለ ካሜራ ባለ 128 ጊጋ ማስመጣት ለዘመድም ለእናንተም ድካም ነው።

በአንድ ትልቅ ካርድና በሁለት መካከለኛ ካርዶች መካከል ምርጫ ካላችሁ ሁለቱን ያዙ። ካሜራችሁ ሁለት የካርድ ቀዳዳ ካለው ሰርግ ላይ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ፋይል እንዲጽፍ አድርጉት። ሰርግ አይደገምም። ሙሽራዋን «እስቲ ድገሙት» አትሏትም።

ባትሪ

ባትሪ ላይ ብዙ አልቆይም። አንድ ትርፍ ባትሪ ያስፈልጋል። ሥራችሁ ከሆነ ሁለት። የባትሪው ሞዴል ራሱ ባትሪው ላይ ተጽፏል። ኤልፒ-ኢ17፣ ኤንፒ-ኤፍዜድ100፣ ኢኤን-ኢኤል15 የሚመስል ነገር ነው። የካሜራውን ስም ብቻ ለሻጭ መንገር አይበቃም፤ ከመጨረሻው ቁጥር ቀጥላ የምትመጣ አንዲት ፊደል እንኳን ለውጥ አላት።

ኦሪጅናል ባትሪ ውድ ነው። የሌላ ድርጅት ባትሪ መግዛት ኃጢአት አይደለም፤ ደህና የሚሠሩ አሉ። ውሸቱን መለየት ግን ይቻላል። የካኖን ኤልፒ-ኢ17 ኦሪጅናሉ 1040 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው። በዚያው መጠን፣ በዚያው ቅርጽ «2000» ብሎ የሚመጣ ካገኛችሁ ቁጥሩ የተጻፈው ለዓይን ነው። ያንን ያህል ጉልበት እዚያች ሳጥን ውስጥ አይገባም።

መብራት በሚጠፋበት ቀን ፓወር ባንክ ነፍስ ያድናል። አዳዲሶቹ ካሜራዎች በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ ይደረጋሉ፤ አንዳንዶቹ ግን «ፒዲ» የሚለው ምልክት ያለበትን ፓወር ባንክ ብቻ ነው የሚቀበሉት። መመሪያውን እዩ።

ወደ ስሜን ተራሮች የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ብርድ ባትሪ ይበላል። ሳንካበር፣ ግጭና ጨነቅ ከ3,200 ሜትር በላይ ናቸው፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ቶሎ ያለቀ ይመስላል፤ ሲሞቅ ከፊሉ ይመለሳል። ማታ ከእናንተ ጋር ብርድ ልብስ ውስጥ ይተኛ። ቀን ትርፉን በውስጥ ኪስ ያዙት። ለዚህ የሚገዛ ነገር የለም።

ጨለማ ቤተ ክርስቲያን፣ ደማቅ ቀትር

የጎንደር ፎቶ አንሺ ትልቁ ፈተና ብርሃን ነው። ውጭው ይበዛል፤ ውስጡ ያንሳል። ለምሳሌ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ውሰዱ። ጣሪያው ላይ ያሉት የመላእክት ፊቶች በዓለም የታወቁ ናቸው። ቤቱ ግን ደብዛዛ ነው። ፍላሽ ማብራትም አይፈቀድም። እዚያ ገብቶ ፎቶው የተንቀጠቀጠበት ሰው ወጥቶ የሚያስበው ፍላሽ ወይም ትራይፖድ ስለመግዛት ነው። ሁለቱም አይረዱትም፤ አንዱ ክልክል ነው፣ ሌላው ሳይጠየቅ አይዘረጋም።

የሚረዳው ብርሃን በደንብ የሚያስገባ ሌንስ ነው። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሌንስ ወደ 55 ሲጠጋ ኤፍ 5.6 ላይ ይቆማል። ርካሹ 50 ሚሊሜትር ሌንስ እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል። የኤፍ ቁጥር ባነሰ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል። በነዚህ በሁለቱ መካከል የሚገባው የብርሃን ልዩነት ዘጠኝ እጥፍ ተኩል ገደማ ነው። በአንድ አምስተኛ ሰከንድ ይንቀጠቀጥ የነበረው ፎቶ በአንድ ሃምሳኛ ሰከንድ ገደማ ይነሳል ማለት ነው። ለእኔ ከካሜራው በኋላ መጀመሪያ መገዛት ያለበት ትልቅ ዕቃ ይህ ነው። «ሌንስ ተጨማሪ ዕቃ ነው ወይ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ይሁን፤ ከሠላሳ ዕቃ ፓኬጅ ይልቅ ይሻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አብዛኛው ጀማሪ ካሜራ ሴንሰሩ፣ ማለትም ምስሉን የሚቀበለው ክፍል፣ አነስ ያለ ነው። በሱ ላይ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ጠበብ ብሎ ያያል። ለሰው ፊት ግሩም ነው፤ ጠባብ ቤት ውስጥ ግን ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል። ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ 35 ወይም ከዚያ ያነሰ ሌንስ ፈልጉ።

ፍላሽ የሰርግ ሰው ዕቃ ነው። ፍላሽ ስትመርጡ ጭንቅላቱ ወደ ላይና ወደ ጎን የሚዞር ይሁን። ቀጥታ ፊት ላይ የሚበራ ፍላሽ ላብና ቅባት ያጎላል፣ ከጀርባ ጥቁር ጥላ ይለጥፋል። ወደ ነጭ ጣሪያ ሲበራ ግን ብርሃኑ ተመልሶ ለስልሶ ይወርዳል። ጣሪያው ነጭ ካልሆነስ? እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ድንኳን ውስጥ ቀይ ወይም ቢጫ ጨርቅ ላይ ካበራችሁት የሙሽሮቹ ፊት ያንን ቀለም ይይዛል። አዳራሹ በጣም ከፍ ካለም ብርሃኑ እላይ ይቀራል። ያን ጊዜ ፍላሹ ላይ የሚታሰር ነጭ ካርቶን ይበጃል፤ ከማንኛውም ጽሕፈት መሣሪያ ቤት ይገኛል።

የፍላሽ ጉልበት የሚነገረው «ጋይድ ነምበር» በሚባል ቁጥር ነው። ቁጥሩን በርቀቱ ስታካፍሉት የሚያስፈልገውን የኤፍ ቁጥር ይሰጣችኋል። ጋይድ ነምበሩ 60 የሆነ ፍላሽ 10 ሜትር ላይ ላለ ሰው በአይኤስኦ 100 (አይኤስኦ ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት ነው) ኤፍ 6 አካባቢ ያሠራል። አምራቾች ግን ቁጥሩን የሚለኩት ብዙ ጊዜ ፍላሹ ጨረሩን ጠበብ አድርጎ ሩቅ ሲያበራ ነው። ሰፊ ቦታ ሲያበራ ጉልበቱ በጣም ይቀንሳል። ሁለት ፍላሾችን ስታወዳድሩ በምን ዙም እንደተለኩ እዩ፤ አለበለዚያ ቁጥሩ ያታልላል።

ለካኖን የተሠራ ፍላሽ ኒኮን ላይ ሊገጥምና ሊበራ ይችላል። ብርሃኑን ራሱ የሚለካው «ቲቲኤል» ግን አይሠራም። ከካሜራው ጋር የሚግባባውን ነው መግዛት። የፍላሹን ትንንሽ ባትሪዎች ደግሞ ተመልሰው ቻርጅ የሚደረጉትን አድርጓቸው። ሱቅ ውስጥ በደርዘን የሚሸጡት ርካሾቹ ግማሽ ሰርግ ሳይደርሱ ይደክማሉ።

ቀትር ላይ ችግሩ ይገለበጣል። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ዓይን ስር ጥላ ይወድቃል፤ ጃንጥላ ወይም ኮፍያ ካለ ፊት ጨርሶ አይታይም። ለዚህ የሚሸጥ ተጣጣፊ ማንጸባረቂያ አለ። ርካሽ ነው፤ ይጠቅማል። ግን ነጭ ጋቢ የያዘ አንድ ጓደኛ ከሙሽራዋ ፊት ለፊት ዘርግቶ ቢቆምም ያው ነው። ነጭ ይሁን እንጂ።

ትራይፖድ፣ ከተፈለገ

ትራይፖድ ሁሉም ሰው የሚገዛው፣ ጥቂት ሰው የሚጠቀምበት ዕቃ ነው። ምን ይሠራል? ከጎሃ ተራራ ላይ ቆሞ ከተማዋ መብራት ስታበራ ማንሳት፣ ቃለ መጠይቅ መቅረጽ፣ የሌሊት ሰማይ። እነዚህን የማትሠሩ ከሆነ ይቅርባችሁ። ጥምቀት ላይ ደግሞ ጨርሶ አትውሰዱት። በዚያ ሕዝብ መሀል ሦስት እግር መዘርጋት የሰው እግር መጥለፍ ነው።

የምትገዙ ከሆነ ሦስት ነገር እዩ። የሚሸከመው ክብደት የካሜራችሁና የሌንሳችሁ ድምር ቢያንስ ሁለት እጥፍ ይሁን። የመሀሉ ምሰሶ ሳይነሳ ቁመቱ ደረታችሁ ጋ ይድረስ፤ ምሰሶው ሲነሳ መወዛወዝ ይጀምራል። ካሜራው ስር የምትታሰረው ጠፍጣፋ ሳህን ደግሞ ብዙ ድርጅቶች የሚሠሩት «አርካ» የሚባለው ዓይነት ትሁን። ይህች ሳህን ትጠፋለች። ስትጠፋ ትራይፖዱ ዱላ ይሆናል። የተለመደው ዓይነት ከሆነ ሌላ በቀላሉ ታገኛላችሁ፤ ትርፍ አብራችሁ ብትገዙ ደግሞ የተሻለ ነው። ለቪዲዮ ጭንቅላቱ በዘይት የሚዞር፣ ለፎቶ ኳስ ያለው ይመረጣል።

በርቀት ማንሻ ሪሞት አትግዙ። የካሜራው የ2 ሰከንድ ታይመር ያንኑ ይሠራል።

ፊልተር ላይ የሚባክን ገንዘብ

ሻጮች መጀመሪያ የሚያቀርቡት ዩቪ ፊልተር፣ ማለትም አልትራቫዮሌት ጨረር የሚያስቀረው፣ ነው። በፊልም ዘመን ጥቅም ነበረው። የዲጂታል ሴንሰር ፊት ለፊት ግን ያንን ጨረር የሚያጠራ መስታወት ቀድሞ ተገጥሞለታል። ስለዚህ ዩቪ ፊልተር ዛሬ የሌንስ መከላከያ ብቻ ነው። ርካሹ ደግሞ ማታ አምፖል ሲያይ ተጨማሪ አምፖል ይፈጥራል። ሌንስን ከግጭት ለመጠበቅ የሌንሱ ኮፍያ ይሻላል፤ ከጎን የሚገባ ፀሐይም ይከለክላል።

ፖላራይዘር ግን ኮምፒውተር ላይ በደንብ የማይተካ ፊልተር ነው። ከውሃና ከቅጠል ላይ ብልጭታን ያነሳል፣ ሰማዩን ያጠቁራል። የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ውሃ ሲሞላ ወይም የስሜን ገደል ጥቅምት ላይ አረንጓዴ ሲሆን ዋጋው ይታያል። ፀሐይዋ በጎናችሁ ስትሆን ነው በደንብ የሚሠራው፤ ከፊትና ከኋላ ስትሆን ሰማዩ ላይ ብዙም ለውጥ አያሳይም። የሚገባውን ብርሃን በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚቀንስ ቤት ውስጥ አውልቁት።

ብርሃን የሚቀንሰው ኤንዲ ፊልተር በአብዛኛው ለቪዲዮ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም ስትቀርጹ የሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ፍጥነት 1/50 ሰከንድ ቢሆን እንቅስቃሴው ለዓይን ይስማማል። በቀትር ፀሐይ፣ በአይኤስኦ 100 እና በኤፍ 2.8 ካሜራው የሚፈልገው ግን 1/3200 አካባቢ ነው። ልዩነቱ 64 እጥፍ ነው። ኤንዲ64 የሚባለው ፊልተር ይህንኑ 64 እጥፍ የሚቀንስ ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ይህንን ብቻ ነው። በነገራችን ላይ 1/50 እና 1/100 ለአዳራሽ መብራትም ይስማማሉ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሌላ ፍጥነት ስትቀርጹ አንዳንዱ አምፖል ምስሉ ላይ ይርገበገባል።

ፊልተር ስታዙ የሌንሱን ስፋት ነው የምትነግሩት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሌንሱ ላይ «18-55 ሚሜ» የሚለው ምን ያህል አስፍቶ ወይም አጥብቦ እንደሚያይ የሚናገር እንጂ የፊቱ ስፋት አይደለም። ስፋቱ በሰረዝ ከተቆረጠች ክብ ምልክት ቀጥሎ ይጻፋል። ለምሳሌ «ኢኤፍ-ኤስ» የሚለው የካኖን 18-55 ኤስቲኤም 58 ነው፤ «ኢኤፍ» የሚለው 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ደግሞ 49። ሁለቱም ካሏችሁ ፊልተሩን ለትልቁ ግዙና ለትንሹ ከ49 ወደ 58 የሚያሰፋ ቀለበት ያዙ። ቀለበቱ ከፊልተሩ በብዙ ይረክሳል።

አቧራ፣ ውሃና የነጠላ ጫፍ

በበጋ አቧራ፣ በክረምት እርጥበት። ሌንስን በነጠላ ጫፍ መጥረግ ልማድ ሆኗል። ነጠላው ንጹሕ ቢሆንም ሌንሱ ላይ ያለው የአቧራ ደቃቅ አብሮ ሲታሽ ይጭራል። መጀመሪያ በእጅ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ አቧራው ይነሳ፤ ከዚያ ነው ለስላሳው ጨርቅ። በአፍ እፍ ማለት ምራቅ መርጨት ነው። እነዚህ ሁለት ዕቃዎች፣ መንፊያውና ጨርቁ፣ ከዚህ ጽሑፍ ዕቃዎች ሁሉ ርካሾቹ ናቸው። ከሁሉም በላይ የሚሠሩትም እነሱ ናቸው።

ሌንስ ስትቀይሩ ካሜራውን አጥፉ፣ አፉን ወደ መሬት ድፉት፣ ነፋስ ከሌለበት ጥጋት ሁኑ። ሴንሰሩ ላይ አቧራ መኖሩን ለማወቅ በኤፍ 16 ባዶ ሰማይ አንሱ። ጥቁር ነጠብጣብ በአንድ ቦታ ከተደጋገመ አለ ማለት ነው።

ጥምቀት ላይ ደግሞ ውሃ አለ። ጥር 11 ጠዋት ከቡራኬው በኋላ ሕዝቡ ላይ ውሃ ይረጫል፤ ወጣቱም ባሕሩ ውስጥ ይዘላል። ካሜራችሁን የሚያይላችሁ የለም። የዝናብ ልብስ ይሸጣል፤ ወፈር ያለ ፌስታል ሌንሱ በሚወጣበት በኩል ቀዳችሁ በላስቲክ ብታስሩትም ይሠራል። ለዚያ ቀን አንድ ሌንስ መርጣችሁ ግቡ። እዚያ መሀል ሌንስ መቀየር የለም።

ከሰኔ እስከ መስከረም ካሜራን በቆዳ መያዣው ቁምሳጥን ውስጥ መቆለፍ ሻጋታ መጋበዝ ነው። ሻጋታ ሌንስ ውስጥ ከገባ ጨርቅ አያወጣውም። ክዳኑ የሚገጥም የምግብ ዕቃና ሲሊካ ጄል ይበቃል። ሲሊካው ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትጥሏት ያቺ ከረጢት ናት። አሮጌዋ ግን ውሃ ጠጥታ ስለምትጠግብ በየጊዜው ትቀየር።

ድምፅ

ለቪዲዮ ሰዎች አንድ ነገር ብቻ ልበል። የማይኩ ዋጋ ሳይሆን ከአፍ ያለው ርቀት ነው ድምፁን የሚወስነው። ደረት ላይ የሚሰካ ርካሽ ማይክ ካሜራው ላይ ከተቀመጠ ውድ ማይክ ይበልጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ካሜራችሁ የማይክ ቀዳዳ እንዳለው እዩ፤ የሌላቸው ጀማሪ ካሜራዎች አሉ። የገመዱን ጫፍም እዩ። ሁለት ጥቁር ቀለበት ያለው ብዙ ጊዜ ለካሜራ ነው፤ ሦስት ያለው ለስልክ። ለውጭ ቀረጻ ጸጉራሙ የነፋስ መከላከያ አይቅር።

ዘመድ «ምን ላምጣ?» ሲል

«የካሜራ ባትሪ» ብላችሁ አትላኩ። ባትሪውን፣ የሌንሱን ፊትና የካሜራውን ታች በስልክ አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩ። እትዬ በሻንጣቸው የሚያመጡት ዕቃ ሱቅ ውስጥ ፎቶውን አሳይተው የሚገዙት ይሁን። ከማያውቁት ድረ ገጽ በርካሽ ከማዘዝ ይልቅ ከታወቀ መደብር ይግዙት። ፎርጅድ ካርድ እዚያም አለ።

ትርፍ ባትሪና ፓወር ባንክ በሚጫን ሻንጣ አይገባም፤ በእጅ ቦርሳ ነው። የአየር መንገዶች ገደብ ያለ ልዩ ፈቃድ እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። ባለ 20,000 ሚሊአምፒር ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ስለሆነ ያልፋል። ባለ 30,000 ደግሞ 111 ስለሚሆን ቀድሞ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። የባትሪዎቹ ብረት እርስ በርስ እንዳይነካካ በፕላስተር ይሸፈን። ድሮን ያለ ፈቃድ አይምጣ፤ ኤርፖርት ላይ ይያዛል።

ከአሜሪካ የሚመጣ ቻርጀር ጀርባው ላይ «ኢንፑት 100-240 ቮልት» የሚል ከሆነ እኛ ጋ በሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይሠራል። የካሜራ ቻርጀሮች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። የስቱዲዮ መብራትና የአንዳንድ ትንንሽ ባትሪዎች ቻርጀር ግን 120 ብቻ ሊል ይችላል። እሱን የእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ መሰካት ማቃጠል ነው፤ ከመገዛቱ በፊት ጀርባውን ያንብቡልን በሏቸው።